የታንተ ሂልደ መርዶ

የውሃ ጎማ በብርድ ሲጎተት የራሱ ሽታ አለው፤ ላስቲክ ላስቲክ፣ ዝገት ዝገት ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ኦስሎ ውስጥ ሃውገሩድ ሰፈር ከባቡሩ ወርጄ ወደ እናቴ ቤት ሳቀና፣ የድሮ ትምህርት ቤቴ ቫክትሜስተር፣ ግቢውን የሚጠብቀውና የሚያድሰው ሰው፣ ያንን ጎማ እየጎተተ የጠጠሩን ሜዳ ውሃ ያጠጣ ነበር። ብርዱ ሲጠና ሜዳውን እንዲህ በስሱ እያጠጡ ነው ልጆች የሚንሸራተቱበት በረዶ የሚያደርጉት። በእኔ ጊዜ የነበረው ሰውዬ አይደለም፤ ይኼኛው ወጣት ነው፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቷል። ሽታው ግን ያው ነው። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ።

እውነቱን ለመናገር መቆሚያ ሰበብ ፈልጌ ነው። ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎልኝ ነበር። አባቱ ጋሽ ሽመልስ ሌሊት አርፏል። እናቴ የቀራት ወንድም እሱ ብቻ ነበር። ቀብሩ ትልቁ ልጁ ከካናዳ እስኪደርስ ተጠብቆ ሐሙስ ይሆናል አለኝ። የደወለልኝ ልጅ ለእናቴ መንገር ፈርቶ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ፈርቼ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። እትዬ ዘነበች የእናቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሰው የሞተበት ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ምንም ሳያመነቱ፣ «እናትሽ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከሆነች ገና ሳምንቷ አይደል? ማልቀስ የለባትም። እስቲ ትዳን። የሚመጣው እሑድ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን። እስከዚያ አንቺ ፊትሽን አሳምሪ» አሉኝ።

ፊቴን ማሳመር ደህና አድርጌ እችልበታለሁ። አሥር ዓመቴ ላይ ነው የተማርኩት፤ እዚሁ ሜዳ አጠገብ፣ በታንተ ሂልደ ክረምት።

ያን ዓመት ብርዱ ቶሎ ገባ። ከትምህርት ስንወጣ ወንዶቹ ሜዳውን በሆኪ ዱላ ይወሩታል፤ እኔ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገዛልኝን፣ አፍንጫው ላይ ካልሲ የተጠቀጠቀበትን የበረዶ ጫማ አጥልቄ ጥግ ጥጉን እንገዳገዳለሁ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል ትመጣለች። ረጅም ግራጫ ካፖርት፣ የወንድ ጓንት፣ ዕድሜ ሻይ ያስመሰለው ነጭ የበረዶ ጫማ። ወንዶቹ የማይደርሱበትን ማዕዘን ትይዝና በአንድ እግሯ ቀስ ብላ ትዞራለች። ዞራ ዞራ የጀመረችበት ቦታ ስትመለስ ትቆማለች፤ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ ጎንበስ ብላ በረዶውን አተኩራ ታያለች። ከዚያ እንደገና እዚያው መስመር ላይ ትዞራለች። ደግሞ ጎንበስ።

እኔ የሆነ ነገር ጠፍቶባት መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ በረዶ ላይ የሚፈለግ ነገር ቀለበት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? አንጀቴን በላችኝ። አንድ ቀን እሷ ዞር ስትል ሄጄ በጉልበቴ ተንበረከክሁና በጓንቴ በረዶውን እየጠረግሁ ፍለጋ ጀመርኩ። ስትመለስ ከላዬ ቆማ በዚያ ኮስታራ ኖርዌጂያኗ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። የጠፋብሽን እያፈላለግሁ ነው አልኳት። ቀጥላ ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። «መስመሬን በጉልበትሽ አበላሸሽው» አለች፤ «ግን ልክ ነሽ፤ ጠፍቶብኛል።»

ለካ እናቴ ታውቃታለች። እናቴ የምትሠራው ለኮሙኑ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ነበር፤ አቅመ ደካሞች ቤት እየዞረች ማጽዳት፣ ገበያ መውጣት፣ መድኃኒት ማስዋጥ። ታንተ ሂልደ ከእኛው ሕንፃ ምድር ቤት ነበር የምትኖረው፤ የእናቴ የመጨረሻዋ ቤት እሷ ነበረች። እኔና እናቴ ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ከትምህርት ስመለስ የሚይዘኝ አልነበረም፤ መከልከሉን እያወቀች ይዛኝ ትገባ ነበር።

«ታንተ» ያልኳት በእናቴ ትእዛዝ ነው። አያት በምትሆነኝ ሴት ፊት «ሂልደ፣ ሂልደ» ስል ጆሮዋን አመማት፤ አክስት እንደማለት ታንተ በያት ተባልኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ የማንም አክስት አይደለሁም ብላ ተቆጣች። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ግን በር ሳንኳኳ ከውስጥ «ታንተ አለች፣ ግቢ» ማለት ለመደች። እናቴ ይህንን ብታነብ «አለች አትበይ፣ አሉ በይ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፤ በኖርዌጂያን አንቱ የለም። የተዋወቅነው በአንቺ ነው፤ ዛሬ አንቱ ብላት የማላውቃት ሴትዮ ትሆንብኛለች።

ቤቷ የጫማ ቀለምና የካምፎር ሽታ ነበረው። እናቴ ስታጸዳ ለእኔ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የአዝራር ክምችት እንድጫወትበት ይሰጠኛል። ከአዝራሮቹ መሀል አንድ ትልቅ ወርቃማ ነገር ነበር። ቸኮሌት መስሎኝ በጥርሴ ሞከርኩት፤ ሜዳሊያ ነው። ታንተ ሂልደ የጀርመን ሻምፒዮን ነበረች። የዚያኛው፣ የምሥራቁ ጀርመን፣ ከበርሊን ግንብ ማዶ የነበረው። እናቴ ድሮ ሁለት ጀርመን እንደነበረ ስታስረዳኝ አንደኛው መለዋወጫ መስሎኝ ነበር።

ታሪኳን ያወጣችው በአንድ ጊዜ አይደለም። እኔ አዝራር ስቆጥር፣ እናቴ ወለል ስትወለውል፣ አንዳንድ ጊዜም ለእኛ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ ጥቂት ጥቂት ነበር የምትለቀው። አምስት ዓመቷ ላይ እናቷ ከመጋረጃ ቀሚስ ሰፍታ በረዶ ላይ አወጣቻት። ከትምህርት በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ቁራሽ በረዶ ተመድቦላቸው ስምንት ቁጥር ይሥላሉ። ዝላይ የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ ሁለት ክብ፣ ስምንት። አሰልጣኛቸው ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል፤ ከጸጉር የወፈረ ስህተት ካገኘ እንደገና። ኩርት የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር። በረዶ ሲያንስ ሁለቱን አንድ ቁራሽ ላይ መደቧቸውና እሷ አንዱን ክብ፣ እሱ ሌላውን መሣል ጀመሩ። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበት ቦታ አይታይም ነበር አለች። አሰልጣኙ ያንን አይቶ እጃቸውን አያያዘና ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ናችሁ አላቸው።

አብረው አደጉ። ስትወድቅ ተነሺ ተባለች፤ ክብደቷ ሲጨምር ዳቦ ተከለከለች፤ ጣቷ ተሰብሮ በፕላስተር ጠቅልላ ተወዳደረች። አሸነፉ። ምስላቸው ክብሪት ላይ ታተመ። ያንን ክብሪት ስታሳየኝ ደንግጬ ነበር፤ ክብሪት ላይ ሥዕሉ የሚለጠፍ ሰው ቤት አቃጥሎ የሚፈለግ ወንጀለኛ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ወልወያውን ተደግፋ ሳቋን ለማፈን ተቸገረች።

ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ኩርት በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንሥቷት፣ እሷ እጆቿን ዘርግታ። ሊወረውራት ነው ብዬ፣ ወድቀሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

«ኩርት አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም» አለች። «የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውድድር ኦስሎ መጡ፤ ቀናቸው። በነጋታው የቡድኑ አውቶቡስ ወደ መርከቡ ሲነሣ እሷ በሆቴሉ የጓዳ በር ወጥታ ቀረች። «ቀረሁ» ስትለኝ አውቶቡሱ ያመለጣት መሰለኝ፤ ታዲያ ለምን በሚቀጥለው አልሄድሽም አልኳት። እኔ የማውቀው አውቶቡስ ካመለጠ ሌላ ይመጣል። እናቴ ግን ወለሉን መወልወል አቁማ ነበር። እሷም ተሰድዳ የመጣች ናት፤ የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ገብቷታል። ለኩርት ነግረሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ታንተ ሂልደ አልነገርኩትም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ብትነግረው ኖሮ ሲመለስ ይዘው ይመረምሩታል፤ ካላወቀ ግን አላውቅም ማለት ይችላል። ለእሱ ብላ ነው።

እሱ ለብቻው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከአገር እንዲወጣ አልፈቀዱለትም፤ ሌላ ጥንድም አልሰጡትም። ዕድሜውን የጨረሰው ያደጉበት አዳራሽ ውስጥ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ሲነዳ ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ብቻዋን ለመወዳደር ሞክራ ነበር፤ ግን በየመዞሪያው እጇ ሰው ፍለጋ እየተዘረጋ አስቸገራት፤ ተወችው። የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ጡረታ ወጣች። ግንቡ ፈርሶ ስልኩን ስታገኝ ደወለችለት። «የቀየምኩት መቅረትሽን አይደለም፤ አለመንገርሽን ነው» ብሎ ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ሜዳው ላይ አንድ ክብ ብቻ የምትሥለው ለዚህ ኖሯል። እኔ ዜሮ መስሎኝ ነበር።

ያን ክረምት ሌላኛውን ክብ እንድሥል አስተማረችኝ። ሰነፍ ተማሪ ነበርኩ፤ እውነቱን ልናገር። መዝለል ነበር የምፈልገው፣ ቴሌቪዥን ላይ እንደማያቸው መሽከርከር። እሷ ግን ክብ ብቻ። የእኔ ክብ ድንች ይመስል ነበር፤ ቆማ ታየውና «ድንች» ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። አንድ ቀን «ይኼኛው ቲማቲም ነው» ስትለኝ በደስታ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ።

በጥር አንድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። የኩርት ልጅ ነበረች፤ ታንተ ሂልደ በጀርመንኛ ስትመልስ ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ኩርት ታሟል፤ ለፋሲካ ብትመጣ ሊያያት ፈቅዷል፤ ቀኑን ራሱ ደውሎ ይነግራታል። ስልኩን አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና እናቴን፣ «ፊት ለፊት ሳገኘው የምለውን አውቀዋለሁ» አለቻት። ዕድሜዋን ሙሉ አዘጋጅታዋለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምን እንደሆነ አልነገረችንም። በማግስቱ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሯ ሥር አቆመችው። እናቴ ስታጸዳ ሻንጣውን ፈቀቅ አድርጋ፣ ወልውላ፣ መልሳ እዚያው ታቆመዋለች።

በመጋቢት ፀሐዩ በረዶውን ማሳሳት ጀመረ። ሌላው ልጅ ሁሉ ሜዳውን ትቶታል፤ እሷ ግን ኩርት ፊት እንደ ሽማግሌ አልንገዳገድም ብላ መውጣቷን አላቆመችም። አንድ ቀን ክቧን ልትዘጋ ስትል የጫማዋ ብረት ስንጥቅ ውስጥ ገባና ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አምቡላንስ መጣ፤ እናቴም ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። ታንተ ሂልደ ቃሬዛ ላይ ሆና እግሬ ምን ሆነ አላለችም። የቤቷን ቁልፍ እናቴ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ «ስልኩን፣ ስልኩን አንሺልኝ» ነው ያለቻት።

ስለዚህ በየቀኑ እየወረድን አበባ ውሃ እናጠጣ ነበር፤ ስልኩ አጠገብም ትንሽ እንቀመጣለን። አንድ ከሰዓት ደወለ። እናቴ አንሥታ ሄሎ ሄሎ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ማዶ ያለችው ሴት እንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፣ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ መማር ጀምሬ ነበር። የኩርት ልጅ ናት። ቃላቷን እየለየች፣ ልጅ መሆኔ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባቷ ትናንት ሞቷል። ቀብሩ የሚመጣው ዓርብ ነው። ሂልደ እንድትመጣ እንፈልጋለን፤ የፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዘንላታል። ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ነጠላ ያልያዘ ትከሻዋን በእጇ ዳበሰች። ንገሪያት፣ እናስታውቃታለን በያት አለችኝ። አልኳት። ሴትየዋ ሁለቴ አመሰገነችኝ።

እናቴ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል የምትሮጥ መስሎኝ ጫማዬን ማሠር ጀመርኩ። እሷ ግን ለእትዬ ዘነበች ደወለች።

እትዬ ዘነበች ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም። ያውም ገና እግሯን ተቀድዳ፣ ያውም ዘመድ የሌላት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ብቻዋን። ማን አቅፏት ታለቅሳለች? ትዳን፣ ቤቷ ትግባ፣ ከዚያ ንጋት ላይ ሄደን አልቅሰን እናስለቅሳታለን። እናቴ እያለቀሰች እሺ እሺ ትል ነበር። ለታንተ ሂልደ በጣም አዝናላት ነበር፤ ይኼ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እንደ እህቷ ቆጥራት ነው። ለባዕድ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ደውላ ነግራ ትገላገል ነበር።

በማግስቱ ሾርባ ይዘን ሄድን። ታንተ ሂልደ ገና ከበሩ ስታየን፣ «ደወለ?» አለች።

«ነይ» አለች እናቴ፤ በኖርዌጂያን አይ ማለት ነው። «ማንም አልደወለም።»

እኔ መስኮቱ ላይ ያለውን ብርቱካን እያየሁ ነበር። ወደ ውጭ ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ ይኼ ውሸት አይደለም፣ ቀን መጠበቅ ነው አለችኝ፤ ፊትሽ ደግሞ ሁሉን ያወራል፣ አስተካክይው። አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ስትጠይቅ ብርቱካኑን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም።

ዓርብ ዕለትም ሄደን ነበር። ፀሐይ የወጣበት ቀን ነው። ጸጉሯን አስታጥባ፣ ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ኩርት ፀሐይ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ዛሬ ሳይደውል አይቀርም አለች። ራሷ መደወል ትችል ነበር፤ ግን ቀኑን እሱ እንዲወስን ቃል ገብታለታለች፤ ላትጫነው። ክራንቿን አሳየችን፤ ሐኪሙ በእሱ ባቡር መሳፈር ትችያለሽ ብሏታል። እናቴ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ወጣችና ብዙ ቆየች። እኔና ታንተ ሂልደ ካርታ ተጫወትን።

ቤቷ በገባች በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። እትዬ ዘነበችና ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳሎናችን ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ንፍሮ በትልቅ ሳህን ተዘጋጅቷል። ደረጃውን በጸጥታ ወረድን። ታንተ ሂልደ በሌሊት ልብሷ፣ በክራንቿ ተደግፋ በር ከፈተች፤ ነጭ የለበሱ ሴቶች አይታ መጀመሪያ ፈገግ አለች። የእናንተ በዓል ነው? ብላ ጠየቀች።

እናቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ዘነበች በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጂያናቸው፣ ኩርት ማረፉን ነገሯት። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ ስትወድቅ ሊይዟት። በእኛ ወግ ያኔ ጩኸት ነው፤ ደረት መምታት፣ መንከባለል። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«መቼ?» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴ፣ ሆስፒታል እንደገባሽ ሰሞን አለቻት።

«ቀብሩስ?»

«አልፏል።»

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«ያ» አለች እናቴ፣ አዎ ማለቷ ነው፤ ድምጿ አልወጣም፣ ከንፈሯን ነው ያየሁት። ታንተ ሂልደ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አልጠየቀችኝም። አይታኝ ስትጨርስ ክራንቿን እያንኳኳች ወደ ስልኩ ሄደች።

ከኩርት ልጅ ጋር በጀርመንኛ ተነጋገሩ። እኛ ሶፋው ላይ ተደርድረን፣ ንፍሮውን ጭናችን ላይ አድርገን ቁጭ ብለን ነበር፤ ማልቀሱም ቆሟል። ስልኩን ዘግታ ጀርባዋን እንደሰጠችን በኖርዌጂያን ተናገረች፤ ጮክ አላለችም።

«ግማሽ ሰዓት ጠብቀውኛል። ቄሱን አስቁመው። ያቺ ሴትዮ ዛሬም ሳትናገር ቀረች ብለዋል።»

እናቴ ለአንቺ ብለን ነው አለች። በሽተኛ ነበርሽ፣ ብቻሽን ነበርሽ፣ እንዳትጎጂብን ብለን ነው።

«አውቃለሁ» አለች ታንተ ሂልደ። «እኔም ለእሱ ብዬ ነበር።» ከዚያ እባካችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አለችን።

ከሰዓት በኋላ የንፍሮው ሳህን በራችን ሥር ተቀምጦ አገኘነው። እንዴት አድርጋ በክራንች ደረጃውን እንደወጣች አላውቅም። ንጹሕ ሆኖ ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ውስጡ ምንም የለም። በእኛ ዘንድ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ አንድ እፍኝ ስኳር ይደረግበታል። እሷ ይህን አታውቅም፤ ባዶ ሳህን ማለት ለእሷ ባዶ ሳህን ነው። እናቴ ግን ሳህኑን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ያን ቀን ማታ ራት ስትሠራ፣ ሽንኩርቱን መክተፍ አቁማ፣ እኔም እኮ መቼ ብዬ አልጠየቅሁም አለች። ስለ ምን እንደምታወራ ወዲያው አልገባኝም። ስለ አባቷ ነበር። ኦስሎ በገባች በዓመቱ አያቴ ሞቱ፤ ወራት ደብቀዋት፣ አንድ ንጋት እትዬ ዘነበች ሰዎች ሰብስበው መጥተው አረዷት። አለቀሰች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ሴቶቹን ሸኘች። በእነዚያ ወራት ግን ስትደውል፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው፣ ተኝተው ነው ይሏት ነበር። እሷም የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ካፖርት ገዝታ ላከችላቸው፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ኪሱ ትልልቅ። ደርሷቸዋል፣ መርቀውሻል አሏት።

«ያንን ካፖርት ማን ለበሰው?» አለች እናቴ። እኔን አልነበረም የምትጠይቀው።

ታንተ ሂልደ ከዚያ ወዲያ በር አልከፈተችልንም። ኮሙኑ ሌላ ሰው መደበላት፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፣ እናቴን አልከሰሰችም። እናቴ ለኩርት አርባ ጸሎት ልታስደርግ ስሙን ለቄሱ ሰጠች፤ የክርስትና ስሙ ማን ነው ሲሏት መልሳ «ኩርት» አለች። እኔ ቀሪው በረዶ እስኪቀልጥ በመስኮቷ ፊት ለፊት የእኔን ክብ ስሥል ሰነበትኩ። ቲማቲም ቢሆን ወጥታ ታያለች ብዬ። መጋረጃው አንድም ቀን አልተነቃነቀም። በበልግ ወደ አረጋውያን ማረፊያ አዛወሯት፤ ከሻንጣው ጋር ስትወጣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገሯን ለማን ነገረችው እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ይታወቀኛል። ቢሆንም ያ ስልክ የመጣው በእኔ ጆሮ ነው።

እና ባለፈው ማክሰኞ ያንን አጥር ተደግፌ ቆሜ ሳለ ስልኬ ነዘረኝ። እትዬ ዘነበች ናቸው። አልነገርሻትም አይደል? አሉኝ። አልነገርኳትም አልኩ። ጎበዝ፣ አንቺ ልጅ አደራ አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ለስንቱ ብቸኛ ሰው አብረው ያለቀሱ ናቸው። ግን ቫክትሜስተሩ ጎማውን ጠቅልሎ ሲሄድ እኔም ወደ ሕንፃው ገባሁ።

እናቴ አንድ ዓይኗ በነጭ መሸፈኛ እንደታሰረ በር ከፈተችልኝ። ምነው ቀዘቀዝሽ፣ ግቢ እንጂ አለች። አልገባሁም። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

«ማሚ፣ ጋሽ ሽመልስ አርፏል» አልኳት።

ግድግዳውን ያዘች። አቀፍኳት። ከዚያ ከደረቴ ላይ ቀና ሳትል፣ «መቼ?» አለች።

«ሌሊት።»

«የትኛው ሌሊት?»

«የዛሬው ሌሊት፣ ማሚ። የዛሬው።»

በደህናው ዓይኗ አየችኝ፤ ፊቴን እየመረመረች ነበር። ያስተማረችኝን ፊት እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ፤ እንድታየው ዝም ብዬ ቆምኩላት። እንባዋ በመሸፈኛው ሥር ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ቀብሩስ?»

«ሐሙስ ነው። ዛሬ ማታ ከተነሣን እንደርሳለን።»

የጫማ ማውለቂያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በይ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂልኝ» አለች።